የዱቄት ቤቱ ውሻ ዘር

በሰፈሩ ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ሁለት አይገኝም። ትልቁም ትንሹም «እትዬ ወንፊት» ነው የሚላት። አርባ ዓመት ከዱቄት ፋብሪካው አጥር ጥግ የኖረች ሴት ስለሆነች፣ ስሙን ያገኘችው ዱቄት ስትነፋ የሚመስለው ብዙ ነው። ዱቄቱንማ የሚነፋው ማሽን ነው። እሷ ስትነፋ የኖረችው ቡችላ ነው።

ፋብሪካው አንድም ቀን በስሟ ደሞዝ ቆርጦላት አያውቅም። ተቀጣሪው ባሏ ነበር፤ የሥራ መደቡም «አይጥ አዳኝ» ይባላል። በወረቀት ላይ የሚያድነው እሱ ነው፤ መጋዘን ውስጥ የሚያድኑት ውሾቹ ናቸው፤ ውሾቹን ለዚያ ያበቃቻቸው ግን እሷ ናት። የትኛዋ ከየትኛው እንደምትዳቀል፣ የትኛው ቡችላ እንደሚቀር፣ የትኛው ከግቢ እንደሚወጣ የምትቆርጠው እሷ ብቻ ነበረች። ባሏ ሐቀኛ ሰው ስለነበር ውሾቹን ላደነቀለት ሁሉ «እኔ ምን አውቄ፣ ሴትዮዋን ጠይቋት» ይል ነበር። የጠየቃት ግን የለም። ሰው ውሻውን ያያል፣ ገመዱን የያዘውን ወንድ ያያል፣ በቃ፣ ገባኝ ብሎ መንገዱን ይቀጥላል።

አሁን ባሏ የለም። ፋብሪካውም ውሻ በበሩ አያሳልፍም። የቀረቻት አንዲት ሴት ውሻ ናት፤ መርፌ ትባላለች። መርፌ ሰባት ዓመቷን ደፍና ስምንተኛውን ይዛለች። ባለፈው ሳምንት ወንድ የምትፈልግበት ጊዜዋ መጣ፤ የእንስሳት ሐኪሙም ሆዷን ዳብሶ «እትዬ፣ አሁን ከወለደች ወለደች። ከዚህ በኋላ ግን እሷንም ቡችሎቹንም ነው የሚቀብሩት» አላት። እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። በቀሩት ጥቂት ቀናት ውስጥ ለመርፌ የወገኗ የሆነ ወንድ ካልተገኘ፣ አርባ ዓመት የተለፋበት ዘር መርፌ ላይ ያበቃል።

ወገን ሲባል ቴሪየር ነው። ጉድጓድ ለጉድጓድ እየገባ የሚያድን ትንሽ ውሻ ሁሉ የሚጠራበት ስም ነው፤ ዓይነቱ ብዙ ነው፣ ቁመቱ አጭር ነው፣ እልሁ ግን ልክ የለውም። የዚህኛው ዘር መነሻ የሆነችውን ውሻ ያመጡት የባሏ አባት ናቸው። እሳቸውም በጊዜያቸው የዚያው ፋብሪካ አይጥ አዳኝ ነበሩ። ውሻዪቱን ከአንድ የጭነት ባቡር ነጂ ተቀበሏት። ባቡር ነጂው «ከወደብ ከመርከበኞች ነው ያገኘኋት» ብሎ ማለ ይባላል፤ ባቡር ነጂ መቼም የማይለው ነገር የለም። አጥንቷ የጠጠረ፣ ፀጉሯ እንደ ጫማ ብሩሽ የሚወጋ፣ ቁጣዋ ቁመቷን የሚያስረሳ ነበረች አሉ። ሽማግሌው ከዘበኞቹ ውሻ አዳቀሏት፤ ልጆቹ ገዘፉና ከጆንያ ክምር መሃል መግባት አቃታቸው። ከጣቢያው ሹም ሚስት የእቅፍ ውሻ አዳቀሏት፤ ልጆቹ አነሱ፣ ግን አይጥ ሲያዩ የሚሸሹ ሆኑ። እንዲህ ወዲያና ወዲህ ሲደባለቅ ቆይቶ እሷ በሙሽርነት ስትገባ አንዱ ካንዱ የማይመሳሰሉ አሥራ አንድ ውሾች ግቢውን ሞልተውት ደረሰች።

አማቷ «ውሻ ውሻ ነው» ባይ ነበሩ። እሷ ግን የአንድ ክረምት ዝናብ ሙሉ መስኮት ላይ ተቀምጣ አሥራ አንዱንም አጠናቻቸው። የትኛው ምን እንደሚችል፣ ለምንስ እንደሚችል ለየች። ፀጉሩ አጭርና ሻካራ መሆን አለበት፤ ረጅም ፀጉር ዱቄት ይይዛል፣ ውሃ ሲነካው ደግሞ ያ ዱቄት ይቦካል፣ ኋላ ውሻ ልጠብ ብለሽ የምታጥቢው ሊጥ ነው። ጆሮው መቆም አለበት፤ ከጆንያው ጀርባ ያለችውን ጭረት የሚሰማው የቆመ ጆሮ ነው። ክብደቱ ከአምስት ኪሎ ማለፍ የለበትም፤ ይህንንም የምታውቀው ባለሁለት ክንፉን የፋብሪካ ሚዛን ተውሳ፣ ባንዱ በኩል ውሻውን፣ በሌላው በኩል የአምስት ኪሎ ዱቄት ከረጢት እያስቀመጠች ነው። ጅራቱ ገና በሕፃንነቱ ተቆርጦ አራት ጣት ይተውለታል። ለጌጥ እንዳይመስላችሁ፤ ውሻው ከወለሉ ሳንቃ ሥር ገብቶ ሲቀረቀር ተይዞ የሚጎተተው በእሱ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ዝምተኛ መሆን ነበረበት። ሜዳ ላይ ጉድጓድ ገብቶ የሚያድን ቴሪየር ቢጮህ ደግ ነው፤ ጌታው የት እንዳለ ያውቃል። መጋዘን ውስጥ የሚጮህ ውሻ ግን ለአይጥ የተቀጠረ ዘበኛ ነው። የእሷ ውሾች ገብተው ሲወጡ ድምፅ የለም። አንዴ አንገት ይይዛሉ፣ አንዴ ያራግፋሉ፣ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ።

ወንፊት የሚለውን ስም ያመጣባት ፈተናው ነው። ቡችሎቹ አርባ ቀን ሲሆናቸው አንድ በአንድ እየወሰደች ባዶ የእህል በርሜል ውስጥ ትጨምራቸዋለች። ብቻውን ሆኖ ትንሽ ሲረጋጋ፣ ከጀርባው በኩል የቆርቆሮ ትሪ ትለቃለች። ያ ትሪ የሚያወጣው ድምፅ የሞተ ይቀሰቅሳል። ዝም ብሎ ወደ ድምፁ የሮጠውን ታስቀረዋለች። እየጮኸ የሮጠውን ለበር ጠባቂዎቹ ትሰጠዋለች። ወደ ኋላ ሸሽቶ የጮኸውን ባልዲ ይጠብቀዋል። ባልዲው ውስጥ ውሃ አለ። ይህን ሥራ ለማንም ሰጥታ አታውቅም፤ ራሷ ትሠራው ነበር፤ ጨካኝ ናት ቢሏት አትከራከርም፣ ሥራውን አንድም ቀን ሳይሠራው የሚፈርድባት ሰው ግን ያናድዳታል።

ታናሽ እህቷ ሚጢ ከባልዲው ጋር የተገናኘችው አንድ ቀን ጠዋት ልትጠይቃት ስትመጣ ነው። ሚጢ ያኔ ገና አላገባችም። ቡችላው ረጅም ለስላሳ ፀጉር ያበቀለ፣ ጆሮው ታጥፎ የተንጠለጠለ፣ ትሪው ሲወድቅ ጎረቤት እስኪሰማ ያለቀሰ ነበር። እትዬ ወንፊት አንገቱን ይዛ ወደ ባልዲው ስትሄድ እህቷ እጇ ላይ ተንጠለጠለች።

«እታለም፣ በሞቴ! ለእኔ ስጪኝ!»

«ምን ልታደርጊው? ይኼ እኮ ውሻ አይደለም፣ ጩኸት ነው።»

«ጩኸቱን እወድለታለሁ። እባክሽ!»

እህቷ እያለቀሰች ነበር። እትዬ ወንፊት ለእህቷ እንባ አቅም ኖሯት አያውቅም። ሰጠቻት። በሚቀጥለው ወሊድ ደግሞ አንዲት የዚሁ ዓይነት ሴት ወጣች፤ እሷንም ሰጠቻት፣ «አንቺና ጩኸትሽ ተመቻቹ» ብላ እየሳቀች። ከዚያ በኋላ የወንፊቱ ቅሪት ሁሉ መንገዱ ወደ እህቷ ቤት ሆነ። ባልዲው ሥራ ፈታ፤ እትዬ ወንፊትም እፎይ አለች፣ ቀሪው ምን ሆነ ብላም ጠይቃ አታውቅም።

ምርጦቹስ? ምርጦቹ ሥራ ገቡ። ምስማር የሚባለው ከወለል ሥር ገባ፣ ጅራቱም አልተገኘ፣ እሱም አልወጣ። መቀስን፣ ያን የመሰለ ውሻ፣ ዕቃ ማንሻው መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ዳጠው። ቁልፍ ደግሞ አይጥ ከንፈሩን ነክሳው አመርቅዞ ሞተ። አምስት ዓመት የኖረ ሽማግሌ ይባል ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት ባሏ ራሱ በአይጥ ሽንት በሚመጣ በሽታ ኩላሊቱ ደክሞ አልጋ ያዘ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀበረችው። ከዚያ በኋላ ውሾቹን እየመራች ወደ መጋዘን የምትገባው እሷ ሆነች። በወረቀት ላይ ግን «በጊዜያዊነት» ተብላ ስድስት ዓመት ቆየች።

ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። የመርዝ ዱቄት አስመጥቶ ቅዳሜ ቀን በየጥጉ አስረጨ። ሰኞ ጠዋት እትዬ ወንፊት ስድስት ውሾቿን እንደ ልማዷ አስገባች። አይጦቹ ደንዝዘው ነበርና ውሾቹ ያን ቀን ያለ ልፋት አደኑ፤ አንዳንዶቹንም በሉ። እስከ ሐሙስ ድረስ ስድስቱም ደም እየተፉ አለቁ። ሥራ አስኪያጁ ጋ ገብታ ስትጮህበት ሰውየው ከልቡ ተገርሞ «እማማ፣ ማስታወቂያ ለጥፈን ነበር እኮ» አላት። እውነቱን ነው፣ ለጥፎ ነበር፣ ሰሌዳው ላይ፣ ከሠራተኛ ፈረቃ ዝርዝር ጎን። ውሾቿን ማንበብ ያላስተማረች እሷ ናት ጥፋተኛዋ። መርፌ የተረፈችው መዳፏን ብርጭቆ ቆርጧት ቤት ቀርታ ስለነበር ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ወንድ ፈለገችላት። የበር ጠባቂዎቹን ውሾች ቤት ለቤት ዞረች፤ ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ ከመንገድ ውሻ ተደባልቀው የአያታቸው መልክ ጠፍቶባቸዋል። የዘሩ ወንድ በብዛት የሚገኝበት አንድ ቦታ ብቻ ቀረ። ያም የእህቷ ቤት ነው።

ሚጢ የጥርስ ሐኪም አግብታ ከተማ መሃል ገብታለች። በባሏ ክሊኒክ ውስጥ፣ ታካሚ የሚጠብቅበት ክፍል፣ ትራስ ላይ አንድ ፀጉራም ቡችላ ታስቀምጥ ነበር። ጥርሱን የታመመ ሰው ሁሉ ያን እየዳበሰ ሕመሙን ረሳ፤ ሲድንም ቡችላ ፈለገ። ከእነዚያ ሰዎች መካከል ጊዜ የተረፋቸው ተሰባስበው የዛሬ ሃያ ዓመት ማኅበር አቋቋሙ፤ ለዘሩ «የዱቄት ቤት ቴሪየር» የሚል ስም አወጡለት፣ መመዘኛ ጻፉለት፣ መዝገብ ከፈቱለት። የጥርስ ሐኪሙ ሚስት የዘሩ መሥራች ተብላ የክብር ሰብሳቢ ሆነች። በሕጋቸው መሠረት የተመዘገበ ወንድ ካልተመዘገበች ሴት ጋር አይገናኝም። ስለዚህ እትዬ ወንፊት መርፌን በዘንቢል አድርጋ፣ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ማኅበሩ አዳዲስ ውሾች ወደሚመዘግብበት የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ሄደች። አልፈራችም። እንዲያውም መንገድ ላይ ፈገግ ማለቷ አልቀረም፤ የዘሩን እናት ይዛ ለዘሩ ማኅበር ማስመዝገብ እንደ ቀልድ ነበር የታያት።

አዳራሹ ሽቶ ሽቶ ይላል። ውሾቹ ጠረጴዛ ላይ ቆመው ይበጠራሉ፤ ፀጉራቸው እስከ መሬት ይወርዳል፣ ዓይናቸው እንዳይሸፈን ግንባራቸው ላይ ሪባን ታስሯል። ሁሉም ይጮኻሉ። እትዬ ወንፊት በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። ፊታቸውን ሁሉ አወቀችው። ያ የመጀመሪያው ቡችላ ሁለት መቶ ሆኖ የጠበቃት መሰላት።

ውሾቹን እየመዘነ የሚመዘግበው የማኅበሩ ዳኛ ክራቫት ያሰረ፣ አነጋገሩ ለስላሳ የሆነ ጎልማሳ ነው። መርፌን ጠረጴዛ ላይ ሲያወጣት እጁ ክፉ አልነበረም።

«እማማ፣ ዝርያዋ ምንድን ነው?»

«የዱቄት ቤት ውሻ ናት፣ ልጄ።»

«የዱቄት ቤት ቴሪየር ማለትዎ ነው?»

«እናንተ እንዳሻችሁ ጥሯት።»

ዳኛው ሜትሩን ዘርግቶ ለካ፤ ቁመቷ ልክ ነበር። ከዚያ በጣቱ ጀርባዋን ደባበሰ። «ፀጉሯን ምን አግኝቶት ነው የተላጨችው?»

«አልተላጨችም። የተፈጠረችበት ነው።»

«ጆሮዋ ቆሟል።»

«መቆምም አለበት። ካልቆመ በምን ትሰማለች?»

«ጅራቷን ማነው የቆረጠው?»

«እኔ ነኝ፤» አለች፤ አጠገባቸው ሪባን ታስር የነበረች ወይዘሮ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ከንፈሯ ላይ ያለው ጠባሳስ?»

«አይጥ ነክሳት ነው። አይጧ ግን የለችም።»

ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር። ዳኛው አልሳቀም። በመመዘኛው ላይ «ንቁና ድምፃም» የሚል መስፈርት ስላለ፣ ከመርፌ ጆሮ ኋላ ድንገት እጁን አጨበጨበ። መርፌ ዞረች፣ እጁን አየችው፣ ዝም አለች።

«አትጮህም?»

«አየችህ እኮ! ካየችህ በኋላ ለምን ትጮኻለች?»

ዳኛው ቅጹ ላይ መጻፍ ጀመረ። እትዬ ወንፊት የሚጽፈውን ሳታነብ ገባት። ያን ጊዜ ወደ ክብር ጠረጴዛው ዞረች፤ እህቷ እዚያ፣ ከአበባው ኋላ ተቀምጣለች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሁለቱም አልተያዩም ነበር፣ ወይም አልተያየንም ለማለት ተስማምተው ነበር።

«እሷን ጠይቋት!» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «የመጀመሪያውን ቡችላ ማን እንደሰጣት ትንገራችሁ!»

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ወደ ክብር ጠረጴዛው ዞረ፤ ውሾቹ ግን መጮኻቸውን ቀጠሉ። ሚጢ ፊቷ ቀላ፣ ፊት ለፊቷ ያለውን ወረቀት አስተካከለች፣ ከዚያ በጨዋ ድምፅ ተናገረች።

«እህቴ ውሻ በጣም ትወድ ነበር። ግቢያቸው ውስጥ ብዙ ዓይነት ውሾች ነበሩ።»

አንዲት የውሸት ቃል የለበትም። የእትዬ ወንፊትን አንጀት ያሳረረውም ይኸው ነው፤ ብትዋሽ ኖሮ ዋሸሽ ብላ ትጮኽባት ነበር። ዳኛው «ከዝርያው ውጭ» የሚል ማኅተም መትቶ ቅጹን በሁለት እጁ አቀረበላት፤ ለመጽናኛ ደግሞ የማኅበሩን መጽሔት ጨመረላት። አውቶቡስ ውስጥ ገለጠችው። «ይህ ድንቅ ዝርያ የጥንት የወፍጮ ባለቤቶች እመቤቶች በእቅፋቸው ያሳደጉት ሲሆን» ይላል። እመቤቶች! አጥፋ ዘንቢሉ ውስጥ፣ ከመርፌ ሥር አነጠፈችው።

ማታውን ሁሉ ቂሟን ስታብሰለስል አድራ ሲነጋ ግን ሌላ ሰው ሆና ተነሳች። መርፌ በር በሩን እያየች ታለቅሳለች፤ ቀኑ እየሄደ ነው። ክብር ይቅርብኝ አለች። እህቷ ዓይኗን በጨው አጥባ ብትክዳትም እህቷ ናት፤ ደግሞም ወንዶቹ ያሉት እሷ ጋ ነው። ዘንቢሉን አንጠልጥላ በጓሮ በር በኩል አንኳኳች፤ ከፊት ለፊት ብትመጣ ሰው ያያታል ብላ ነው፣ ይህንንም ለእህቷ ክብር አስባ ነው።

ሚጢ በሩን ስትከፍት ዓይኗ አብጦ ነበር። እሷም አልተኛችም መሰለኝ። ግቢው በሴራሚክ የተነጠፈ ነው፤ ውሾቹ እንደየዕድሜያቸው በክፍል በክፍል ተለይተዋል፤ ፀጉራቸው እንዳይቆሽሽ በወረቀት ተጠቅልሎ ታስሯል። ሁለቱ እህትማማቾች ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«ትናንት ምን በይ ነው ያልሽኝ እታለም?» አለች ሚጢ ቀድማ። «ሰው ፊት እንደዚያ ታደርጊኛለሽ?»

«እውነቱን ነው በይ ያልኩሽ።»

«እውነቱን ብናገርስ? ከወንፊት የተጣለ ነው ልበላቸው? ሃያ ዓመት የለፋሁበትን?»

እትዬ ወንፊት ልትጣላ አልመጣችም። «እሺ፣ ይቅር። ስሙን ውሰጂው፣ መሥራች ሁኚ፣ እመቤትም ሁኚ። እኔ የመጣሁት አንድ ነገር ለመለመን ነው። ለመርፌ ወንድ ስጪኝ። ከየት እንደሆነ ለማንም አልናገርም። ቀኑ እያለቀባት ነው።»

በሕይወቷ እህቷን ለምና አታውቅም። ሁልጊዜ ሰጪዋ እሷ ነበረች። ሚጢም ይህ ገብቷታል፤ የእህቷን ጉልበት ያዘች።

«አልችልም እታለም። ምዬ የፈረምኩበት ሕግ ነው። ከታወቀ ውሾቼን ሁሉ ከመዝገብ ያወጧቸዋል።» ድንገት ፊቷ በራ። «ቆይ! አንድ ያልተመዘገበ አለኝ። እንዲያውም አንቺን እያሰብኩ ነው ያስቀረሁት። ብታይው ትወጂዋለሽ።»

ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብታ አንድ ውሻ ይዛ ወጣች፤ መሬት ላይ ለቀቀችው። እትዬ ወንፊት ጎንበስ ብላ አየችው። አጭር ሻካራ ፀጉር። የቆመ ጆሮ። ጅራቱ ሳይቆረጥ ረዝሟል እንጂ ሌላው ሁሉ መቀስ ነው፤ ያ መኪና የዳጠው መቀስ ራሱ። ውሻው እንግዳ አይቶ አልጮኸም። አንዴ አያት፣ ከዚያ ትቷት በቀጥታ ከደረጃው ሥር ያለችውን ቀዳዳ ሊያሸት ሄደ። እንባዋ መጣ፤ አላፈረችበትም። ተንበርክካ ጠራችው፣ መጣ። በሁለት ጣቷ በፊት እግሮቹ መካከል ያለውን ስፋት ለካች፣ መንጋጋውን ያዘች፣ ጥርሱን አየች። ከአምስት ኪሎ አንድ ግራም እንኳ የሚያልፍ አልመሰላትም።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከየትም አላመጣሁት። ከራሴ ውሾች ነው የተወለደው። እናቱም አባቱም ባለ ረጅም ፀጉር ናቸው፤ አንዳንዴ እንዲህ ያለ ይወጣል። ደም ወደ ኋላ ይመለሳል ይላሉ።»

«አንዳንዴ ማለት?»

«በዓመት አንድ። ሁለትም የሚወጣበት ዓመት አለ።»

እትዬ ወንፊት ሳቀች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቧ ሳቀች። አልጠፋም! እሷ በየበሩ ስትንከራተት ዘሩ እዚህ ሪባን ሥር ተደብቆ በየዓመቱ ብቅ ይል ነበር! እየሳቀች እጇን እንደ ልማዷ ከሆዱ ሥር ወደ ኋላ ሰደደች። እጇ የፈለገውን አላገኘም። እንደገና ዳበሰች። ቆዳው ለጥ ያለ ነው፤ ትንሽ የስፌት ጠባሳ ብቻ አለችበት።

«ሚጢ።»

«ወዬ።»

«ይኼ ውሻ ተኮላሽቷል።»

«አዎ፣ ሕጉ እንደዚያ ነው። ከመመዘኛው የወጣ ቡችላ ስድስት ወር ሲሆነው ይኮላሻል። ሴቶቹም ማሕፀናቸው ይወጣል። ዘሩ እንዳይበላሽ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ሃያውን ዓመት?»

ሚጢ አሁን ነው የገባት። «እታለም፣ እኔ… ብቻሽን ስለሆንሽ ነው። መርፌ ካለፈች በኋላ ብቻሽን እንዳትቀሪ ብዬ ነው ያስቀረሁልሽ። የድሮዎቹን ውሾችሽን ስለሚመስል።»

«ዘሬን ቆርጠሽ ቆርጠሽ ጨረስሽው!» እትዬ ወንፊት ተነሳች፤ ድምፅዋ ውሾቹን ሁሉ አስነሳቸው። «በየዓመቱ እጅሽ ላይ ይወለዳል፣ አንቺ በየዓመቱ ታስቆርጪዋለሽ! አንድ ቀን እንኳ እህቴን ልጠይቃት አላልሽም?»

ሚጢም ተነሳች። ለመጀመሪያ ጊዜ ታላቋን ፊት ለፊት አየቻት። «እኔ ነኝ የጨረስኩት? ራስሽ አንቺ አይደለሽም እንዴ የጨረስሽው? ጥሩ ጥሩውን እየመረጥሽ ለአይጥ ጉድጓድ ሰጠሽ። አምስት ዓመት የኖረልሽ አለ? እኔ የጣልሽውን ነው ያነሳሁት። የጣልሽው አሥራ አምስት ዓመት ኖረ፣ ወለደ፣ ከተማ ሞላ። እኔ የማልፈልገውን አስኮላሻለሁ፣ አስታምማለሁ፣ አበላለሁ። አንቺ የማትፈልጊውን ምን ነበር የምታደርጊው?»

እትዬ ወንፊት ተናዳለች፣ አፍራለች፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ ለራሷም አልታወቃት። የመረጠችውን ሁሉ ለሞት ነበር የመረጠችው፤ ይህን የምትነግራት ደግሞ ባልዲው ላይ ያለቀሰችው ታናሿ ናት። ተመልሳ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

በዚህ መሃል መርፌ ከዘንቢሉ ወጥታለች። ውሻውን አሸተተችው፣ እሱም አሸተታት። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታው፣ ያቺን አራት ጣት ጅራቷን ወደ ጎን አድርጋ፣ ቀጥ ብላ ቆመች። ለማንም እንደዚያ ቆማ አታውቅም። ስንት የመንገድ ውሻ አጥር ዘሎ ሲመጣባት ነክሳ ያባረረች ውሻ ናት። ውሻው ጆሮዋን ላሳት። መዳፉን ጀርባዋ ላይ ጣል አደረገና መልሶ አወረደ። ዞሮ ፊት ለፊቷ መጥቶ፣ ደረቱን መሬት ላይ አድርጎ፣ እንጫወት አላት። መርፌ አልተጫወተችም። ዞረችለትና እንደገና ቆመች።

ሚጢ አፏን በእጇ ይዛ ማልቀስ ጀመረች። «አላወቅኩም እታለም። እውነቴን ነው፣ አላወቅኩም።»

«እኔም አልጠየቅኩሽም፤» አለች እትዬ ወንፊት።

ውሻው አሁንም መዳፉን አነሳ፣ አሁንም አወረደ። ሚጢ ሄዳ ልታስገባው ስትል ታላቋ ክንዷን ይዛ አስቀመጠቻት። መርፌ ራሷ ሰልችቷት ቁጭ እስክትል ድረስ ማንም አልነካቸውም።